ዝርያው «ተገኘ» ወይስ «ተለየ»?

ጥያቄ፦ የተፈጥሮ ሳይንስ ጽሑፎችን ወደ አማርኛ እተረጉማለሁ። ሰሞኑን በመካከለኛውና በደቡብ አሜሪካ ደኖች ስለምትኖር ሜጋሎፕሬፑስ ስለምትባል ትልቅ የውኃ ተርብ የሚያትት ጽሑፍ ደረሰኝ። ለረጅም ጊዜ አንድ ዝርያ ናት ስትባል ኖራ፣ በ2018 አራት ናት ተባለ። እኔም «አራት አዳዲስ ብርቅዬ ዝርያዎች ተገኙ» ብዬ ጻፍኩ። አርታኢዬ ግን አልተቀበለችኝም። ስህተቴ የቱ ጋ ነው? «የውኃ ተርብ» ማለቴስ ልክ ነው?

መልስ፦ አርታኢዎ እውነት አላት። ከዓረፍተ ነገርዎ ውስጥ ሳይነካ ሊያልፍ የሚችለው «አራት» የሚለው ብቻ ነው።

ከ«ተገኙ» ልጀምር። አንድ ነገር ተገኘ ስንል ከዚያ በፊት አይታወቅም ነበር ማለታችን ነው። ይህቺ ፍጥረት ግን ድሮም ትታወቃለች። እንግሊዛዊው ድሩ ድሩሪ ሴሩላታ ብሎ ስም ያወጣላት በ1782 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ሜጋሎፕሬፑስ የሚለውን የወገን (ተቀራራቢ ዝርያዎችን የሚያቅፈው ምድብ) ስም ፈረንሳዊው ራምቡር በ1842 ሰጣት፤ በግሪክ «ግርማ ሞገሳም» ማለት ነው። ይገባታል። ክንፎቿ ሲዘረጉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 19 ሴንቲ ሜትር ይደርሳሉ። ከዘመዶቿ ሁሉ ትልቋ እሷ ናት።

በ1860 ደግሞ ቤልጅጋዊው ሰሊስ ሎንሾም ሁለት ስሞች ጨመረ፦ ላቲፔኒስ፣ ማለትም ሰፊ ክንፍ፣ እና ብሬቪስቲግማ፣ በክንፍ ጠርዝ ላይ ያለችው ምልክት ያጠረች። ከእሱ በኋላ የመጡት አጥኚዎች ይህን ልዩነት አልተቀበሉም። ሁሉንም በድሩሪ ስም ጠቀለሏቸው፤ የሰሊስ ስሞችም ተረሱ። ከዚያ በ2014 የወጣ የዲኤንኤ ጥናት በየደኑ ባሉት መካከል ትልቅ ልዩነት እንዳለ አሳየ። በ2018 አሜሪካዊቷ ኦላ ፊንክና ባልደረቦቿ የክንፉን ቅርጽና ቀለም ከዲኤንኤው ጋር አገናዝበው አራት ናቸው አሉ።

ታዲያ ከአራቱ አዲስ ስም የወጣላት አንዷ ብቻ ናት። የእንስሳት ስያሜ ሕግ ቀድሞ ለወጣው ስም ቅድሚያ ይሰጣል። ስለዚህ ሁለቱ የሰሊስ ስሞች ከ158 ዓመት በኋላ ተመልሰው ጸኑ። የድሩሪም በቦታው ቀረ። ከዚህ በፊት የራሷ ስም ያልነበራት አራተኛዋ ብቻ ዲያቦሊ ተባለች፤ በላቲን «የዲያብሎስ» ማለት ነው። ለስሙ ዋቢ የሆነው ናሙና ከኮስታ ሪካው የኮርኮቫዶ ብሔራዊ ፓርክ ነው።

አማርኛ ለዚህ ታሪክ የሚሆኑ ግሶች አሉት። የተደባለቀውን «መለየት» እንላለን። ስምን ደግሞ «እናወጣለን»፤ ሕፃን ሲወለድ የምንለው ነው። የቀድሞ ስሙን ላገኘ «ስሙ ተመለሰለት» ይባላል። እነዚህን ይዘው «ተገኘ»ን ለምን ይፈልጋሉ?

«ዝርያ» የሚለው ቃል ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል። የቦረና ከብት ዝርያ እንላለን። ቁንጮ የጤፍ ዝርያ ነው እንላለን። እዚህ ላይ ዝርያ በአንድ ፍጥረት ውስጥ ያለ አይነት ነው፤ የቦረና በሬና የሌላ አገር በሬ ያው ከብት ናቸው። በሥነ ሕይወት ጽሑፍ ግን ዝርያ ራሱን የቻለ ፍጥረት ነው፤ አንበሳና ነብር እንደሚለያዩት። የሜጋሎፕሬፑስ ክርክር ደግሞ በትክክል ይኸው ነበር፦ ልዩነቱ እንደ ከብቱ ነው ወይስ እንደ አንበሳና ነብሩ? አንባቢ «አራት ዝርያ» ሲያነብ የከብቱን ካሰበ፣ የጥናቱን ውጤት ገልብጦ ተረዳው ማለት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሲጠቅሱት «ራሱን የቻለ ዝርያ» ይበሉ። ለውስጥ ልዩነት «አይነት»ን ይጠቀሙ። ከዚያ በኋላ እንዳይቀላቅሏቸው።

«ብርቅዬ»ም ችግር አለበት። ከ«ብርቅ» የመጣ ነው፤ እንደ ልብ የማይገኝ ማለት ነው። ዛሬ ግን የእኛ ሰው ብርቅዬ ሲባል ዋልያንና ቀይ ቀበሮን ያስባል፤ በአንድ አገር ብቻ የሚገኝ የሚለው ትርጉም አይሏል። ሜጋሎፕሬፑስ ከሜክሲኮ እስከ ደቡብ አሜሪካ አለች። ብርቅ የሆነችው በሌላ ምክንያት ነው። እንቁላሏን የምትጥለው ውኃ ባቆረ የዛፍ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ትልልቆቹ ዛፎች ከተቆረጡ መራቢያ የላትም። «በቀላሉ የማትታይ» ቢሉ ይበቃል። በካፋ ስም ለተጠራችው፣ ጣሊያናዊው ኮንሲሊዮ በ1978 ስም ላወጣላትና በኢትዮጵያ ብቻ ለምትገኘው የውኃ ተርብ፣ ለፕሴውዳግሪዮን ካፊኑም ግን ብርቅዬ ቢሉ ማንም አይከራከርዎትም።

«የውኃ ተርብ» ጥሩ ነው፤ አይቀይሩት። እርግጥ ተርብ አይደለችም፤ አትናደፍም። ግን ሕዝብ ያወጣው ስም ነው። እንግሊዞች በልጃገረድ ይጠሯታል፣ ስፓኞች «የዲያብሎስ ትንሽ ፈረስ» ይሏታል። እነዚህን ቃል በቃል መገልበጥ ለእኛ አንባቢ ምንም አይነግረውም። «ዝንብ» ከማለትም ይቆጠቡ፤ ዝንብ ሁለት ክንፍ ነው ያለው፣ እሷ አራት። ወፍራሟንና ቀጭኗን መለየት ካስፈለገዎት «ቀጭን የውኃ ተርብ» ይበሉና አንድ ጊዜ ያብራሩ፦ አብዛኞቹ ቀጭኖቹ ሲያርፉ ክንፋቸውን ጀርባቸው ላይ ያጥፋሉ፣ ወፍራሞቹ ዘርግተው ይቀመጣሉ።

እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈው ነበር፦ «በአንድ ስም ስትጠራ የኖረችው ትልቋ ቀጭን የውኃ ተርብ፣ ራሳቸውን በቻሉ አራት ዝርያዎች ተለየች። ሁለቱ የቀድሞ ስማቸው ተመለሰላቸው፤ ለአንዷ አዲስ ስም ወጣላት።»