«ታገሱ» ከማለቴ በፊት

ልጆች፣ እንዴት ሰነበታችሁ? እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት ባንክ ቤት፣ ብድር ክፍል ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የዘመድም የሰፈርም ልጆች እየመጡ ስለ ገንዘብ ይጠይቁኛል። እንደ ሽማግሌ ወግ «ታገሱ» ብዬ እንድሸኛቸው ይጠብቃሉ መሰለኝ። ማንን አምነው እንደሚታገሱ ግን የሚነግራቸው የለም።

የማርሽሜሎውን ሙከራ ሳትሰሙ አትቀሩም። ልጁ ፊት አንድ ጣፋጭ ይቀመጣል፤ ሳይበላ ከጠበቀ ሁለት ያገኛል። በ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዋልተር ሚሼል አሜሪካ፣ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ላይ የጀመረው ነው። አነቃቂ ተናጋሪዎች ነፍሳቸው ነው፤ «የታገሰው ልጅ አድጎ ተሳካለት» ይሏችኋል። በ2018 (እ.ኤ.አ.) ብዙ ልጆችን ይዞ ሲደገም ግን በመታገስና በመሳካት መካከል ያለው ግንኙነት በግማሽ ያህል ወርዶ ተገኘ። የቤተሰብ ኑሮ ሲታሰብበት ደግሞ ይበልጥ ሳሳ።

እኔ የምወደው ሮቸስተር፣ አሜሪካ ተሠርቶ በ2013 (እ.ኤ.አ.) የታተመውን ነው። ሕፃናቱ መጀመሪያ «ትንሽ ጠብቁ፣ የተሻለ ቀለም አመጣላችኋለሁ» ተባሉ። ለግማሾቹ መጣ። ለግማሾቹ «ይቅርታ፣ የለም» ተባለ። ጣፋጩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቃል የተከበረላቸው በአማካይ 12 ደቂቃ ያህል ጠበቁ፤ የተዋሹት 3 ደቂቃ። የተዋሹት ምን አጠፉ? ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆነባቸዋ!

ስለዚህ ወጣቱ ገንዘብ እጁ ላይ አይቆይም ሲባል ቶሎ አልፈርድም። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር፤ የቁጠባ ወለድ መነሻው 7 በመቶ። በዚያን ጊዜ ብሩን ባንክ አስቀምጦ የታገሰ ሰው ታግሦ ከሰረ። ይህን የምለው ባንከኛ ሆኜ ነው።

አሁን ወደ ዕቁብ እንምጣ። ጊዜ ስንት እንደሚያወጣ በግልጽ የሚታየው እዚያ ነው። እንበል 20 ሰው በወር 5,000 ብር ይጥላል። ዕጣው 100,000 ብር ነው። መጀመሪያ የደረሰው ሰው ወለድ የሌለው ብድር ወሰደ ማለት ነው፤ እየጣለ ይከፍላል። መጨረሻ የሚደርሰው ወለድ የሌለው ቁጠባ ላይ ነው የከረመው። ሁለቱም የጣሉት እኩል ነው፤ ልዩነቱ ወረፋው ብቻ ነው።

ታዲያ አንዱ ይቸግረውና ዕጣ ለወጣለት ሰው «5,000 ልስጥህና ተራህን ልቀቅልኝ» ይለዋል። ይህን ስታደርጉ አንድ ነገር ቁጠሩ፦ ስንት ወር ነው የቀደማችሁት? አሥር ወር ከቀደማችሁ 5 በመቶው ለአሥር ወር ነው፤ ብዙም አይከፋም። የእናንተ ዕጣ የሚቀጥለው ወር ሊወጣ ከቻለ ግን ያው 5 በመቶ ለአንድ ወር ሊሆን ይችላል። በዚህ ሒሳብ የሚያበድር ባንክ ቢኖር አራጣ ነው ብላችሁ ትጮሁ ነበር። ዕቁብ ቤት፣ ቡናው እየተቀዳ፣ ሁሉም እየሳቀ፣ ማን ያሰላዋል?

ተራ አትግዙ እያልኩ አይደለም። የስፌት መኪና የሚገዛበት ልጅ፣ ዋጋው በየወሩ እየጨመረ ከሆነ፣ መቸኮሉ ብልህነት ነው። ስልክ ለመቀየር ከሆነ ግን ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። (ስልኩ መሥሪያው የሆነ ሰው አለ፤ እሱን አልነካሁም።)

ሌላ ነገር። ዛሬ 1,000 ብር ወይስ ነገ 1,100 ብትባሉ ብዙዎቻችሁ የዛሬውን ትወስዳላችሁ። ከዓመት በኋላ 1,000 ወይስ ከዓመት ከአንድ ቀን በኋላ 1,100 ብትባሉ ግን «አንድ ቀን ምን አላት» ብላችሁ ትጠብቃላችሁ። ልዩነቱ እዚያም እዚህም አንድ ቀን ነው። ገንዘቡ ሩቅ ሳለ ሁላችንም አስተዋይ ነን፤ እጅ ሲገባ ነው የምንቀልጠው። ስለዚህ ውሳኔውን ገንዘቡ ሳይመጣ ጨርሱት። ጭማሪያችሁ ሐምሌ ላይ የሚመጣ ከሆነ ግንቦት ላይ ዕቁብ ግቡ፣ ወይም ባንካችሁ ከደመወዛችሁ ላይ በየወሩ እየቆረጠ ለብቻ እንዲያስቀምጥ ፈርሙ። ሐምሌ ላይ የምትሆኑትን ሰው አትመኑት።

የዕቁቡን ነገር ስጨርስ፦ ከመግባታችሁ በፊት ስለ ዳኛውና ስለ ጸሐፊው ጠይቁ። ዕጣ የወጣለት ሰው ዋስ ሳይጠራ ብር የሚሰጥበት ዕቁብ ከሆነ ዝር አትበሉ፤ መጨረሻ የሚደርሰው ሰው የሚጠብቀው በዚያ ዋስ ተማምኖ ነው። ራሳችሁ ዋስ ሁኑ ስትባሉ ምን እንደምትመልሱ በሌላ ደብዳቤ እጽፍላችኋለሁ፤ እሱ በግማሽ ገጽ አያልቅም።