«በጊቱ ወደ ግራ ብቻ ትዞራለች»

ጤና ይስጥልኝ ዶክተር፤

የምጽፍልዎ ከሰሜን ሸዋ ነው፤ መንዝ ውስጥ፣ ከመሐል ሜዳ አለፍ ብላ ካለች ቀበሌ። በጎች አሉን። አንዷ ግን ለኛ ቤት ለየት ትላለች። እናቷ ወልዳት ስለሞተች ልጆቼ የላም ወተት በጡጦ እያጠቡ ነው ያሳደጓት። ሎሚ ይሏታል። ስሟን ስትሰማ ትመጣ ነበር።

አሁን ዓመት አልፏታል። ከመስቀል ወዲህ ሁኔታዋ አላማረኝም። መጀመሪያ ከመንጋው እየተነጠለች ብቻዋን ቆማ መዋል ጀመረች። ቀጥሎ አንገቷን ማዘንበል አመጣች። አሁን ደግሞ ስትራመድ ወደ ግራ ብቻ ትዞራለች። በቀኝ በኩል ያለው አጥር የማይታያት ይመስል ትጋጫለች። ትበላለች፣ ግን ከስታለች።

ሰው የማይለው የለም። ጎረቤታችን «ዓይነ ጥላ ነው፣ ግንባሯን በጋለ ብረት ተኩሷት» ይላል። አባቴ «አዙሪት ነው፣ ሥጋዋ ሳያልቅ ለገና እረዷት» ይሉኛል። ባለቤቴ ባለፈው ሳምንት ከገበያ የትል መድኃኒት ገዝቶ አጠጣት፤ ለውጥ የለም። ልጆቹ ስለ ማረድ ሲወራ ከሰሙ ቤቱን በለቅሶ ይሞሉታል።

እውነት መዳን አትችልም? ብናርዳትስ ሥጋዋ ይበላል? ወደ ሌሎቹ በጎች ወይም ወደ ልጆቼ ይተላለፋል? እባክዎ ቶሎ ይመልሱልኝ።

የሎሚ እናት፣ ከመንዝ

---

እህቴ፣

አባትሽ ያሉት ሳይሆን አይቀርም። የዓመት በግ፣ ቀስ እያለ የመጣ ሕመም፣ ወደ አንድ ወገን ብቻ መዞር፣ በሌላው ወገን አለማየት፣ መብላት ግን አለማቆም፤ ይህ ሁሉ ሲደመር አዙሪትን፣ ማለትም አንጎል ውስጥ ውኃ የቋጠረ ከረጢት የሚያድግበትን በሽታ፣ ያሳያል። ሆኖም ብረትም ቢላዋም ከማንሳታችሁ በፊት ሎሚን በደንብ እዩልኝ። በግን የሚያዞር በሽታ አንድ ብቻ አይደለም፤ በጊዜ ከተደረሰበት በመርፌ የሚድንም አለ።

ከትኩሳቷ ጀምሪ። ቴርሞሜትር በፊንጢጣዋ አስገብታችሁ አንድ ሁለት ደቂቃ ያዙት። የጤነኛ በግ ሙቀት ከ38.5 እስከ 39.5 ዲግሪ ገደማ ነው። የቆየ አዙሪት ትኩሳት የለውም። ከ40 በላይ ካሳየ፣ አንድ ጆሮዋ ከወደቀ፣ ከንፈሯ በአንድ ጎን ተንጠልጥሎ ለሃጯ ከተዝረበረበ ግን ሊስቴሪያ የሚባለውን የባክቴሪያ በሽታ ጠርጥሪ። እሱ ወራት አይሰጥም፣ በቀናት ውስጥ ይገድላል። በፔኒሲሊን ወይም በኦክሲቴትራሳይክሊን ይታከማል፤ ግን ገና በእግሯ ቆማ ሳለች መጀመር አለበት።

ከዚያ ዓይኗን ፈትሺ። እጅ ማወዛወዝ አይበቃም፤ ነፋሱ ስለሚነካት ባታይም ትደነግጣለች። አንዱን ዓይኗን በመዳፍሽ ሸፍኚና በሌላው ፊት ለፊት ትንሽ የተፈለቀቀ ጥጥ ከላይ ልቀቂ። ጥጥ ድምፅ የለውም። የሚያይ ዓይን ወርዶ መሬት እስኪነካ ይከተለዋል። ከዚያ ሌላውን እንደዚሁ አድርጊ። የግራው ተከትሎ የቀኙ ዝም ካለ፣ ችግሩ ያለው በግራው የአንጎሏ ክፍል ነው ማለት ይቻላል። የቀኝ ዓይን የሚያየውን በአብዛኛው የሚያነበው የግራው አንጎል ስለሆነ ነው። ብዙ ጊዜ የሚዞሩትም ከረጢቱ ወዳለበት ወገን ነው። የጻፍሽልኝ ከዚህ ጋር ይገጥማል።

ሁለቱም ዓይኖቿ ካላዩ፣ ጭንቅላቷን ወደ ሰማይ ከቀሰረች፣ ሰሞኑንም ጥሬ እህል በብዛት በልታ ከነበረ ነገሩ ሌላ ነው። የቫይታሚን ቢ አንድ እጥረት ይሆናል። ሐኪሙ በቶሎ ከወጋት በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ለውጥ ይታያል። እያስነጠሰች አፍንጫዋ የሚዝረከረክ ከሆነም የአፍንጫ ትል ሊሆን ስለሚችል ይህንኑ ለሐኪሙ ንገሪው።

በመጨረሻ ራሷን ዳብሺ። ከዓይኗ በላይ እስከ ጆሮዋ ሥር ያለውን አጥንት በአውራ ጣትሽ ቀስ ብለሽ ተጫኚ፣ ግራና ቀኙን እያነጻጸርሽ። ከረጢቱ ከቆየና ወደ ላይ ከቀረበ አጥንቱ ይሳሳል፣ ትንሽም ይሰረጉዳል። ካልሰረጎደም ግን አዙሪት አይደለም ማለት አይደለም።

አንድ ነገር አጥብቄ ልንገርሽ። ሎሚን ውሻ ወይም ሌላ አውሬ ነክሷት ከነበረ፣ ጠባይዋ በድንገት ከተለወጠ፣ ድምፅዋ ከጎረነነ፣ መዋጥ ካቃታት ማንም እጁን አፏ ውስጥ አይክተት። የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል። ለብቻዋ እሰሯት፣ ክሊኒኩን ጥሩ፣ በጭራሽ አትረዷት። ምራቋ ቁስሉን የነካው ሰው ካለ ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በውኃ ይታጠብ፣ ከዚያም ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

አዙሪት ሆኖ ከተገኘ በሎሚ ራስ ውስጥ ያለው ዓይነ ጥላ አይደለም፤ የውሻ ኮሶ ትል እጭ ነው። ትሉ በውሻ አንጀት ውስጥ ይኖራል፣ ቀበሮም ይሸከመዋል። እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ሣር ላይ ይወድቃል። በጊቱ ሣሩን ስትግጥ ትውጠዋለች፣ እጩ ከአንጀቷ በደም ተጉዞ አንጎል ይገባል። እዚያ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ሆኖ በወራት ውስጥ ያድጋል፤ የዶሮ እንቁላል ሊያህል ይችላል። አንጎሉን እየተጫነ ነው የሚያዞራት። ለዚህ ነው የጋለ ብረት የማይረዳው። ብረቱ ቆዳዋን ያቃጥላል፣ ከረጢቱ ከአጥንት በታች ነው። አታስተኩሻት።

ባለቤትሽ ያጠጣት መድኃኒትም ያልሠራው ለዚሁ ነው። አልቤንዳዞልና ፕራዚኳንቴል እጩ ገና ትንሽ እያለ ሊረዱ ይችላሉ። ከረጢቱ አድጎ መዞር ከጀመረች በኋላ ግን ተስፋ የሚጣልባቸው አይደሉም።

መዳን ትችላለች ወይ ላልሽኝ፣ አዎ፣ በቀዶ ሕክምና። ሐኪሙ አደንዝዞ የራስ ቅሏን በትንሹ ይበሳና ውኃውን ቀድቶ ከረጢቱን ይስበዋል። ቦታው በትክክል ከታወቀና ከረጢቱ አንድ ከሆነ ብዙዎቹ ይድናሉ። ከአንድ በላይ ከሆነ ወይም ከአንጎሉ ሥር ከተደበቀ ያስቸግራል። ሁሉም ክሊኒክ አይሠራውም። ወረዳችሁ ካሉት ሐኪሞች ጀምረሽ ጠይቂ፤ ካልሆነም ደብረ ብርሃን ማን እንደሚሠራው ይነግሩሻል። አሁን እየበላች ነው፣ በእግሯም ትሄዳለች። ማሠራት ካሰባችሁ ጊዜው ይህ ነው። መነሣት ካቃታት በኋላ ማመላለሱ ስቃይ ብቻ ነው።

ለልጆቹም እውነቱን ንገሪያቸው። ያሳደጓት እነሱ ናቸውና ምን እንደያዛት ማወቅ ይገባቸዋል። ላትድን ትችላለች፤ ያን ጊዜ በረሃብና በመጋጨት ከምታልቅ ማረዱ ለእሷም ይሻላል።

ካረዳችኋት፣ ትኩሳት ከሌላትና እጅግ ካልመነመነች ሥጋዋ ይበላል። መጀመሪያ ግን የመድኃኒቱን ማሸጊያ እዩ። ከተሰጣት በኋላ ሥጋው ስንት ቀን እንደማይበላ ተጽፎበታል። ጭንቅላቷ ግን አይበላም፣ ለውሻም አይሰጥም። ወይ እስኪከስል አቃጥሉት፣ ወይ ውሻ ቆፍሮ እንዳያወጣው በጥልቅ ቅበሩት።

ይህን የምለው ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ስለሆነ ነው። ሎሚ ሌሎቹን በጎች በቀጥታ አታስይዝም። የሚያስይዛቸው ጭንቅላቷን የሚበላው ውሻ ነው። ከዚያች አንድ ከረጢት ብዙ ትሎች ይወጣሉ፣ ከስድስት ሳምንት ገደማ በኋላም በየሜዳው እንቁላል መጣል ይጀምራሉ። ገና ሲደርስ ደግሞ በየደጃፉ ስንት ራስ እንደሚጣል አንቺም ታውቂዋለሽ። በዚያው ሰሞን ብቻ ጠንቀቅ ቢባል የሚተርፈው በግ ብዙ ነው።

ውሾች ካሉሽ ፕራዚኳንቴል የሚባለውን የትል መድኃኒት አስወስጃቸው። መጠኑ ለአንድ ኪሎ ክብደት 5 ሚሊግራም ነው፣ ለ20 ኪሎ ውሻ 100 ሚሊግራም ማለት ነው። ከእንስሳት ክሊኒክ ውሰጂ፣ በየስድስት እስከ ስምንት ሳምንቱም ድገሚው። ለሁለት ቀን እሰሯቸውና ዓይነ ምድራቸውን ሰብስባችሁ ቅበሩ። የግጦሹ መሬት የጋራ ከሆነ ያንቺ ውሾች ብቻ መዳናቸው አይበቃም፤ ከጎረቤቶችሽ ጋር ተነጋግራችሁ በአንድ ቀን አድርጉት።

አዙሪት ከሆነ ልጆችሽን ከሎሚ አይይዛቸውም፣ ይዳብሷት። ከውሻ የሚመጣው እንቁላል ግን፣ አልፎ አልፎም ቢሆን፣ ሰውንም ይይዛል። ሌላ የውሻ ትልም አለ፣ በሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ከረጢት የሚሠራ። ስለዚህ ውሻ ነክተው ሳይታጠቡ እንጀራ አይቁረሱ።

ቴርሞሜትሩ ከ40 በላይ ካሳየሽ መልሴን አትጠብቂ፤ ዛሬውኑ ሐኪም ጥሪ። ከዚያ በታች ከሆነና የጥጡ ፍተሻ እንደገመትኩት ከወጣ፣ ውጤቱን ጽፈሽ ለሚሠራት ሐኪም ስጪው። ከየትኛው ወገን እንደሚበሳ ለመወሰን ይጠቅመዋል።