መልስ፦ ከ4-3 ወደ 3-4 ሲኬድ የላይንባከሩ ዕጣ

ወንድሜ፣ ስለ አሜሪካ ፉትቦል ቡድናችን “አዲሱ የመከላከል አሰልጣኝ ከ4-3 ወደ 3-4 ሊቀይረን ነው፤ ወጣቱ ላይንባከራችን አበቃለት?” ብለህ ጠይቀሃል። እኔ አላበቃለትም ባይ ነኝ። መጀመሪያ ግን የት ሊያሰልፉት እንዳሰቡ እወቅ። 4-3 ማለት ከፊት መስመር አራት ተከላካይ፣ ከእነሱ ሌላ ሦስት ላይንባከር (ባብዛኛው ከመስመሩ ጀርባ የሚቆም ተከላካይ) ማለት ነው። በ3-4 ግን ከፊት ሦስት ተከላካዮች፣ ከእነሱ ሌላ አራት ላይንባከሮች አሉ። የመሃሎቹ ሩጫ ያቆማሉ፣ ኳስ ሲወረወር ወደ ኋላ ሄደው ይሸፍናሉ። የዳሮቹ ዋና ሥራ ኳርተርባኩን (ኳሱን የሚወረውረውን የተቃራኒ ቡድን ተጫዋች) ማሳደድ ነው።

ሃሳን ሬዲክን ተመልከት። የአሪዞና ቡድን በ2017 የአዲስ ተጫዋቾች ምርጫ (ድራፍት) በ13ኛ ተራ መረጠው። ቴምፕል ዩኒቨርሲቲ እያለ ከዳር እየተነሳ ነበር የሚያጠቃው፤ አሪዞናዎች ግን መሃል ከተቱት። ዓመታት ተንገዋለለ፣ ብዙ ሰውም ተስፋ ቆረጠበት። በ2020 ዳር ላይ ሲመልሱት 12.5 ሳክ (ኳርተርባኩን ኳሱን ሳይወረውር መጣል) አስመዘገበ። አምስቱን በአንድ ጨዋታ፣ ያውም በጃየንትስ ላይ! በ2022 ደግሞ ለፊላደልፊያ 16 ሳክ።

ስለዚህ ስንት ሰው እንደጣለ መቁጠሩን ተወውና የመጀመሪያ እርምጃውን እይ። ኳሱ ሲነሳ ሊያግደው የሚመጣውን ተጫዋች ትከሻ ቀድሞ የሚያልፍ ከሆነ ዳር ላይ ያበራል። ፈጣን ሆኖ፣ ግን ጋርድ (በአጥቂው ቡድን መስመር መሃል አካባቢ ሆኖ የሚያግድ ተጫዋች) ሲይዘው መላቀቅ የሚያቅተው ከሆነ፣ መሃል ላይ በጣም ይከብደዋል ብዬ እሰጋለሁ። በ3-4 ጋርዶቹ ቶሎ ነው የሚደርሱበት።