ገሉን ከማጠባችሁ በፊት

ለምትጠይቁኝ ልጆች፣

ሰሞኑን አንዲት የደብረ ማርቆስ ተማሪ «ሣር ይበሰብሳል፤ ታዲያ የጥንት ስፌት በአርኪዮሎጂ በምን ይጠናል?» ብላ ጻፈችልኝ። ጥያቄዋ የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ። በየዕቃ ቤቱ ካርቶን ሙሉ ገል አለ፤ ጥርት ተደርጎ ታጥቧል፣ ቁጥር ተጽፎበታል፣ ሸክላው እርጥብ ሳለ ያረፈበት የስፌት አሻራ ግን በብሩሽ ተፈግፍጎ ሄዷል። ከጎኑ «ስፌት፣ ጎጃም» ብቻ የተባለ መሶብ ይቀመጣል። ከምን ሣር ተሠራ? የየት ቀበሌ ነው? ሰፊዋ ካለፈች ወዲያ ማን ይመልስ?

ልጅቱ ያለችው እውነት ነው፣ ሣር ይበሰብሳል። በእሳት ከሰል የሆነ ግን ይቆያል። ከጣና ማዶ በጌምድር ውስጥ በላሊበላ ዋሻ (የላስታው አይደለም) የተገኙትና እ.ኤ.አ. በ1970 የታተሙት ሽምብራና ገብስ ለዚህ ጥሩ ምስክር ናቸው። ውሃ ውስጥ ወይም ረግረግ ውስጥ አየር ሳያገኘው የቆየም ይተርፋል። ሣሩ ጨርሶ ጠፍቶም ሁለት ነገር ይተዋል፦ እርጥብ ሸክላ ላይ ያረፈ አሻራ፣ እና በሣሩ ሕዋስ ውስጥ የተሠራ ፋይቶሊት የሚባል ደቃቅ የሲሊካ ቅንጣት።

አሻራው ላይ ልቆይ፤ የሚበላሸው እዚያ ነውና። ገሉን ይዛችሁ ብርሃን ከጎን በዝቅታ እንዲያርፍበት አድርጉ። ጭቃው ውስጥ የተቦካ የጤፍ ጭድ አሻራው ወዲያና ወዲህ የተበታተነ ነው። የስፌት አሻራ ግን ተራ ይጠብቃል፤ ጎን ለጎን የተኙ መደዳዎች ይታያሉ፣ በየመደዳው ላይ ደግሞ የሩዝ ፍሬ የመሰሉ፣ ወደ አንድ ጎን ያዘነበሉ ስርጉዶች። ይህን ካያችሁ ውሃና ጠንካራ ብሩሽ አታስነኩት። በስርጉዶቹ ውስጥ የተጣበቀውን አፈር በእንጨት ስንጥር ፍቃችሁ በትንሽ ከረጢት ለብቻው አስቀምጡ፤ ፋይቶሊቱ ካለ እዚያ ነው ያለው። ከዚያ በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ አጽዱ። ቅጂውን በሲሊኮን አንሱ፣ በቅድሚያ ግን በማይታይ ጠርዝ ላይ ሞክሩት። ፕላስቲሊን (በዘይት የተቦካ የመቅረጫ ጭቃ) ቅባት ስለሚተው አልወደውም።

ቅጂውን ማንሳት ለጌጥ አይደለም። አሻራ ግልባጭ ስለሆነ በገሉ ላይ ወደ ቀኝ የዞረው ስፌት በእውነተኛው ዕቃ ላይ ወደ ግራ የዞረ ነው። ከገሉ ፎቶ ላይ ብቻ ተነስቶ «የዚህ አገር ሰፊዎች እንዲህ ያዞራሉ» የሚል ጽሑፍ አትመኑ። ልኬቱም ያሳስታል። ሸክላ ሲደርቅና ሲተኮስ ብዙ ጊዜ ከ100 ከ5 እስከ 12 እጅ ይኮማተራል፤ አሻራው ከዕቃው ያነሰ ነው ማለት ነው። መላው ቀላል ነው፦ በአቅራቢያው ካለች ሸክላ ሠሪ የአካባቢውን ጭቃ ለምናችሁ ጠፍጥፉ፣ የ10 ሴንቲ ሜትር መስመር ጫሩበት፣ ከእሷ ማሰሮዎች ጋር አስተኩሱት፣ መልሳችሁ ለኩ። 9.2 ከሆነ የአሻራውን ልክ በዚያው ሂሳብ አስተካክሉ። በ5 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ስንት መደዳ፣ ስንት ስፌት እንዳለ ሦስት ቦታ ላይ ቁጠሩ።

ይህ ሁሉ ግን የሚመሳከርበት የዛሬ ስፌት ከሌለ ከንቱ ነው። አክርማና ስንደዶን ሁለቱንም «ሣር» ብሎ ማለፍ ይቅር። በስፌት ውስጥ የሚሞላው ጥቅልና ላዩን የሚጠቀልለው የተለያየ ተክል ሊሆን ስለሚችል ለየብቻው ናሙና ውሰዱ፤ ቅጠሉ ይሁን አገዳው ጻፉ። ፋይቶሊት በቅጠል፣ በአገዳና በአበባ ላይ መልኩ ይለያያልና ፋይቶሊቱን ለማውጣት ተቀላቅሎ የተቃጠለ ናሙና አያገለግልም። ተክሉ ያለ አበባ መለየት ስለሚያስቸግር ከነአበባውና ከነሥሩ ያዙት። በዘመን መለወጫ ዋዜማ እንግጫ የነቀለች የጎጃም ልጅ ሣር ከነሥሩ እንዴት እንደሚወጣ ማንም አይነግራትም። በጋዜጣ መሃል አድርጋችሁ ተጫኑት፣ ከጋዜጣው የረዘመውን ሁለት ሦስት ቦታ አጥፉት፤ ጋዜጣውን በመጀመሪያዎቹ ቀናት በየቀኑ ለውጡ፣ አለበለዚያ ይሻግታል። ቦታውን፣ ከፍታውን፣ ቀኑን፣ የአካባቢውን ስም በእርሳስ ጻፉ። ቢክ እርጥበት ሲያገኘው ይፈሳል። የግጦሽ መሬቱ እየታረሰ ወይም ባሕር ዛፍ እየተተከለበት ነው፤ በአዊ በኩል ደግሞ ለከሰል የሚተከለው ዲከረንስ የሚባል የግራር ዓይነት አለ። ሣሩም እንደ ድሮው በደጅ አይገኝም።

የዛሬ ልጆች ስልካችሁ ፈጣን ነው። መሶቡን ከላይ አንድ ጊዜ ታነሱና ትሄዳላችሁ፣ ማስመሪያ እንኳ አጠገቡ አታስቀምጡም። ባለሙያዋ ዘንድ ስትሄዱ «እማማ፣ እጅዎን ይባርከው» ብላችሁ ተቀመጡና እጇን ተከተሉ። ወስፌዋ የታችኛውን ጥቅል ይበሳል ወይስ ከጥቅሉ ሥር ያልፋል? የፊተኛውን ስፌት ይሰነጥቃል? መሃሉ በቋጠሮ ተጀመረ ወይስ በጥምዝ? ከንፈሩ እንዴት ተጨረሰ? የእጅ ልማድ ጎልቶ የሚታየው መሃሉና ከንፈሩ ላይ ነው፤ ፎቶ የሚጎድላቸውም እነዚሁ ናቸው። ሰፌድ፣ እንቅብ፣ ሙዳይ አንድ ዓይነት አሰፋፍ አላቸው ብላችሁ አትገምቱ።

ተመራማሪ የግድ ስፌት ሰፊ መሆን አያስፈልገውም የሚሉ አሉ፤ እኔም እስማማለሁ። ሆኖም አንዲት ትንሽ ሰፌድ ጀምሩ። ያልራሰ ሣር ሲታጠፍ ይሰበራል፤ ከልክ በላይ የራሰው ደግሞ እንዳበጠ ተሰፍቶ ሲደርቅ ይኮሰምንና ስፌቱ ይላላል። ይህን በጣቱ ያላወቀ ሰው የላላ አሻራ ሲያገኝ «ያልሠለጠነች እጅ» ብሎ ይጽፋል።

ስለ ቁፋሮ ብዙ አልልም፤ በቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ አይቆፈርም። በማሳ ላይ ገል ካያችሁ ቦታውን መዝግባችሁ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ንገሩ። የተጫነውን ሣር ሁለት አድርጋችሁ አንዱን ለብሔራዊ ሄርባሪየም (በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ላለው የደረቀ ተክል ማከማቻ) ላኩ፣ ሌላውን ከዚያው ሣር ከተሰፋው ቁራጭ ጋር በአንድ ቁጥር አስቀምጡ።