ሐምሌ ከመግባቱ በፊት

የጎንደር ልጆቼ፣

ጎርፍ ከጭቃ ግድግዳ ላይ መስመር ይተዋል። ከታች ጥቁር፣ ከፍ ሲል ቡናማ፣ ጫፉ ላይ በእርሳስ የተሰመረ የሚመስል መስመር ነው። እኔ የማልረሳው ከወለሉ እስከ ጉልበቴ ይደርስ ነበር። የቤቱ ባለቤት ጠላ ጠምቀው የሚሸጡ እናት ነበሩ። ብቅላቸው ከነጆንያው ረጥቦ አብጧል፣ ጌሾው ከጭቃ ጋር ተለውሷል፣ ባዶው ጋን ተንሳፍፎ ከምሰሶው ጋር ተጋጭቶ ተሰብሯል። እኔ ጉዳቱን መዝግብ ተብዬ የተላክሁ የማዘጋጃ ቤት ባለሙያ ነበርሁ። «ልጄ፣ ያንን ቦይ ዘንድሮ ማን ነው ሳይጠርገው የቀረው?» አሉኝ። መልሱን አውቀው ነበር። ለቦይ ጠረጋ የተያዘው ገንዘብ ወደ ሌላ መደብ እንዲዛወር ሚያዝያ ላይ ማስታወሻውን የጻፍሁት እኔ ነኝ።

ከተማዋን አልጠራትም፤ ጎንደር አይደለችም። ገንዘቡ የሄደው ለአንድ የምረቃ በዓል ነበር፤ ለድንኳን፣ ለእንግዶች ምሳ፣ ለአጥር ቀለም። ሕግ አልተጣሰም። ዝውውሩ በሥርዓቱ ተፈርሟል፣ ሒሳቡም በኦዲት ሲታይ እንከን አልተገኘበትም። የተሰበረው ጋን ግን በየትኛውም ሪፖርት ላይ አልሰፈረም። ለእኚያ እናት ማስታወሻውን የጻፍሁት እኔ መሆኔን አልነገርኋቸውም። ከጡረታ በኋላ፣ ተወልጄ ባደግሁባት ጎንደር ቁጭ ብዬ ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ በዚያ ምክንያት ነው።

ስለ ከተማ በጀት ስትሰሙ የሚነገራችሁ ጠቅላላ ድምሩ ነው። ምክር ቤቱ ይህን ያህል ብር አጸደቀ ይባላል፣ እጅ ሲወጣ ይታያል፣ ዜናው በዚያው ያበቃል። ድምሩ ግን ስለ ኑሯችሁ ብዙ አይነግራችሁም። የመምህሩና የጤና ባለሙያው ደመወዝ በአብዛኛው ከክልሉ በሚመጣ ድጎማ ስለሚሸፈን ምክር ቤቱ እንደ ልቡ የሚያዝበት አይደለም። ከዚህ ሌላ ከተማው ራሱ የሚሰበስበው የማዘጋጃ ቤት ገቢ አለ፤ ሊዙ፣ የቦታ ኪራዩ፣ የጣሪያና ግድግዳ ግብሩ፣ የገበያ መደቡ ኪራይ፣ የአገልግሎት ክፍያው። የሰፈር መንገድ፣ ቦይ፣ የቆሻሻ ማንሣት ሥራ በብዛት የሚንቀሳቀሰው በዚህ ገንዘብ ነው። ቅዳሜ ገበያ ሽንኩርት ዘርግታ የምትውል ሴትም ድርሻዋ እዚያ ውስጥ አለ። ስለ ቦዩ ስትጠይቁ የምትጠይቁት ስለ ራሳችሁ ገንዘብ ነው፤ አንገታችሁን አትድፉ።

የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ጀምሮ ሰኔ 30 ያበቃል። ክረምታችን ደግሞ ሰኔ ላይ ይገባል። እነዚህን ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ተመልከቷቸው። ቦይ መጠረግ ያለበት ግንቦት ላይ ነው፤ ግንቦት ግን የበጀት ዓመቱ ጭራ፣ ካዝናው የተሟጠጠበት ወር ነው። አዲሱ ገንዘብ ሲለቀቅ ጎርፉ ቀድሞ ቤት ገብቷል። ከዚያ የጨረታ ሰነድ ይዘጋጃል፣ ዝናቡ እስኪያባራ ይጠበቃል፣ ሥራ የሚጀመረው ጥቅምት ወይም ኅዳር ላይ ይሆናል። ጥር ላይ የነዳጅ መደብ ይጎድላል፤ መጋቢት ላይ ያልታሰበ ስብሰባ ይመጣል፤ ጉድለቱ የሚሞላው ከጥገና ነው። የተጀመረ ሕንፃ ቢቆም ሁሉም ያየዋል፣ ኮንትራክተሩም ክፍያዬ ብሎ በር ያንኳኳል። ያልተጠረገ ቦይ ግን በጋውን ሙሉ ማንንም አይረብሽም። ስለዚህ ሐምሌ ላይ በሙሉ ልብ የጸደቀው የጥገና ገንዘብ ግንቦት ላይ ስትፈልጉት የለም። ምክር ቤቱ ዋሸ ማለት አይደለም፤ በመሐል ባሉት ወራት ስለ እርሱ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

እኛ ጎንደሬዎች ጥገና አናውቅም የሚል ካለ ወደ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ውሰዱት። ገንዳው በየዓመቱ ይጸዳል፣ ከቀሃ ወንዝ ውኃ ይገባበታል። ጥር 10 ታቦታቱ ሲወርዱ ገንዳው ባዶ ሆኖ ይጠብቃቸው ይሆን ብሎ የሚጨነቅ የለም። ለምን? ቀኑ ይታወቃላ። ካህኑም፣ ሹሙም፣ ሆቴል ያለውም፣ ከበዓሉ ሳምንት በፊት በዚያ የሚያልፍ ተማሪም ውኃው ገባ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ይህን ያህል ዓይን የተተከለበትን ሥራ በጀት የለንም ብሎ የሚተው ሹም አይገኝም። በሰፈራችሁ ያለው ቦይም የሚፈልገው ይኸው ነው፤ የተቆረጠ ቀንና ብዙ ጠያቂ።

ዓይናችሁን ወደ መሬት ጣል አድርጉና ኮብልስቶኑን ተመልከቱት። ብዙ ሰፈር ነዋሪው ከኪሱ አዋጥቶበታል፣ የእናንተ ታላላቆች ደግሞ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ድንጋዩን እየጠረቡ እንጀራ በልተውበታል። ጥፋቱ የሚጀምረው በአንድ ድንጋይ ነው። የውኃ መስመር ለማስገባት ይቆፈራል፤ ድንጋዩ ሲመለስ ከሥሩ ያለው አሸዋ በደንብ አይጠቀጠቅም። በመጀመሪያው ክረምት አንዱ ድንጋይ ጎድጎድ ይላል። በጎድጓዳው ውኃ ይቋጥራል፣ የቋጠረው ውኃ ከጎረቤቶቹ ድንጋዮች ሥር አሸዋውን ይዞ ይወጣል። በሁለተኛው ክረምት ዐሥርና ዐሥራ አምስት ድንጋይ ይላቀቃል። በሦስተኛው ባጃጁ ጉድጓዱን ሽሽት ዳር ዳሩን ማለፍ ይጀምርና የጠርዙ ድንጋይ ይፈነቀላል፤ ጠርዙ ከሄደ ሌላው ተከትሎት ይሄዳል። የመጀመሪያውን ድንጋይ በቦታው መመለስ ለአንድ ሰው የግማሽ ቀን ሥራ ነበር፤ አንድ ጋሪ አሸዋና መዶሻ ይበቃው ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ግን ጉዳዩ «የመንገድ መልሶ ግንባታ ፕሮጀክት» የሚል ስም ይወጣለታል፣ መሐንዲስ ይለካዋል፣ ጨረታ ይወጣበታል፣ ምክር ቤቱም ከትምህርት ቤት መማሪያ ክፍልና ከእርሱ አንዱን ምረጥ ይባላል። በዚያን ጊዜ ስለ ምርጫው መከራከር ይቻላል። እኔ የምቆጨው ምርጫው ውስጥ ባልገባን ነበር እያልሁ ነው።

ውኃውም እንደዚሁ ነው። የአንገረብ ግድብ የተሠራው ለጎንደር የመጠጥ ውኃ ነው። ከላይ ያለው ተራራማ መሬት አፈሩ በየክረምቱ እየታጠበ ስለሚወርድ ግድቡ በደለል ተቸግሯል፤ ውኃ መያዝ የሚገባውን ቦታ ደለል ይዞታል። ደለልን የሚያስቆመው ከግድቡ ራቅ ብሎ የሚሠራ እርከን፣ ችግኝና የገደል ክትር ነው። ለእርከን ሪባን አይቆረጥም። ጥያቄውን ከአንድ ከተማ ምክር ቤት አቅም በላይ የሚያደርጉት ብዙ ነገሮች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ተፋሰሱ ያለው ገጠር ውስጥ ነው፣ የከተማ ውኃ አገልግሎትም በራሱ ታሪፍ የሚተዳደር ድርጅት ነው። ነገር ግን ቧንቧው ሲደርቅ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። ቢጫው ጀሪካን በጋሪ ይመጣል፣ የአንዱ ጀሪካን ዋጋም ከቧንቧው ታሪፍ በብዙ ይበልጣል። ሮቶ ያለው ሰው ፈረቃው ሲደርስ ይሞላል፤ የሌለው በጀሪካን ይገዛል። እኔ በሥራ ዘመኔ ሁሉ ወጪ ቆረጥን ብለን ሪፖርት ስናደርግ ገንዘቡ የዳነ ይመስለኝ ነበር። ገንዘቡ አልዳነም። ከእኛ መዝገብ ወጥቶ ወደ እናቶች መቀነት ተዛወረ እንጂ። ይህን ዝውውር የሚፈርም የለም፣ የሚመዘግበውም የለም።

ታዲያ ምን እናድርግ ትሉኛላችሁ። በሌላ ከተማ ሳለሁ ያየሁትን ልንገራችሁ። ለሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ በተጠራ የሕዝብ ውይይት ላይ ሰው ሁሉ እየተነሣ መንገድ የለንም፣ መብራት የለንም፣ ሥራ የለንም አለ። መድረኩ ላይ ያሉት ሹሞች «ገንቢ አስተያየት ነው፣ እናየዋለን» እያሉ ይጽፉ ነበር፤ እኔም ከጎናቸው ተቀምጬ እንደዚያው እጽፍ ነበር። ከዚያ ሦስት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ተነሡ፣ አንዷ ከደብተር የተቀደደ ወረቀት ያዘች። ከወፍጮ ቤቱ እስከ ድልድዩ ድረስ ያለውን ቦይ በርምጃ ለክተው 214 ርምጃ አግኝተዋል። ዘጠኝ ክዳን ተሰብሯል፤ የትኛው ከየትኛው ቤት ፊት እንደሆነ ጽፈዋል። ባለፈው ክረምት ውኃ የገባባቸውን ሦስት ቤቶች ጠቅሰዋል። ልጅቷ አንብባ ስትጨርስ ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ይህ የሚጠረገው በየትኛው ወር ነው?» አዳራሹ ጸጥ አለ። እናየዋለን ማለት አልተቻለም። ግንቦት ተብሎ በቃለ ጉባኤ ተያዘ፤ ልጆቹም መጋቢት ላይ መጥተው ገንዘቡ አሁንም አለ ወይ ብለው ጠየቁን። ቦዩ ግንቦት መጨረሻ ላይ ተጠረገ። የተሰበሩት ክዳኖች ሁሉ አልተተኩም፤ አምስቱ ተተኩ።

መጋቢት ላይ ተመልሰው መምጣታቸውን ልብ በሉልኝ። ብዙዎቻችሁ ውይይት ላይ ተናግራችሁ ትሄዳላችሁ፤ ከንግግሩ ይልቅ ያ ሁለተኛው መምጣት ይበልጥብኛል።

ማን ነህ ብሎ የሚመልሳችሁ ቢኖር በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት ተደንግጓል። በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት ደግሞ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ መጠየቅ መብታችሁ ነው። አዋጁን ጮክ ብላችሁ እያነበባችሁ አትግቡ፤ በአክብሮት ጠይቁ፣ ካልሆነ በጽሑፍ ጠይቁ። ጊዜው ከባድ መሆኑን፣ ሰላም በታጣበት ወቅት ከሁሉ አስቀድሞ የሚቆረጠውም ጥገና መሆኑን አውቃለሁ። የምጠይቃችሁ ነገር ትንሽ የሆነው ለዚህ ነው።

በጽሑፍ ያልሁበትን ምክንያትም ላስረዳ። ቢሮ ውስጥ ያለው የበጀት ባለሙያ ብዙ ጊዜ ጠላታችሁ አይደለም። ከጥገና ቀንስ ሲባል እምቢ ለማለት የሚይዘው ነገር ያጣል። በመዝገብ ቤት ገቢ ሆኖ ቁጥር የተሰጠው አንድ የነዋሪዎች ደብዳቤ ፋይሉ ውስጥ ቢኖር «ይህን ለነዋሪው በቁጥር ይህን ያህል መልሰናል፣ አሁን ብናዛውረው ተጠያቂ ነን» ብሎ መከራከር ይችላል። ሚያዝያ ላይ ያንን ማስታወሻ ስጽፍ የቦዩን ፋይል ከፍቼ ነበር። ውስጡ የእኛው ዕቅድና የእኛው ሪፖርት ብቻ ነበር። አንድም የነዋሪ ወረቀት አልነበረም። ቢኖር ኖሮ ብዕሬ እንደዚያ አይቀልለኝም ነበር።

ከቤቴ ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ዳር ያለውን ቦይ ትናንት ከሰዓት በኋላ ለካሁት። 96 ርምጃ ነው፤ ጉልበቴ ስለሚያመኝ ርምጃዬ አጭር ነው፣ እናንተ ብትለኩት ያንሳል። ሁለት ክዳን ተሰብሯል፣ ከታች በኩል ከሚገኘው መታጠፊያ ላይ ፕላስቲክና አፈር ሞልቶታል። ደብዳቤውን ጽፌያለሁ። ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ወደ ቀበሌ ይዤው እሄዳለሁ፤ የአምስት ጎረቤቶች ፊርማ አለበት፣ ለሌላም ፊርማ ቦታ ትቻለሁ።