«ጣሪያውን ብቻ ነው የምቀይረው»

ጥያቄ፦ አዳማ ውስጥ በመኖሪያ ቤት ማኅበር ቦታ ደርሶኝ፣ ለሁላችንም በወጣው ስታንዳርድ ፕላን የግንባታ ፈቃድ አግኝቻለሁ። ፕላኑ ባለ ቆርቆሮ ክዳን ጂ+0 (ፎቅ የሌለው) ነው። እኔ ግን እንደ አሁኖቹ ዘመናዊ ቤቶች ጣሪያው ጠፍጣፋ ሶሌታ (የአርማታ ክዳን) እንዲሆን፣ በሳሎኑና በመመገቢያው መሐል ያለው ኮለን (የአርማታ ምሰሶ) እንዲወጣ፣ የፊቱም ግድግዳ መስታወት እንዲሆን እፈልጋለሁ። ፎርማኑ «ስፋቱ እስካልተለወጠ ፈቃድ አያስፈልግም» ይለኛል፤ ሁለተኛውን ክፍያም እየጠየቀኝ ነው። እውነት ፈቃድ አያስፈልገኝም?

መልስ፦ ያስፈልግዎታል። ከጥያቄው ይልቅ ያሳሰበኝ ግን ስለ ሁለተኛው ክፍያ የጻፉት ነው። ሁለተኛ ክፍያ የሚጠየቀው የመጀመሪያው ሥራ ላይ ሲውል ነው። እንግዲያው መሠረቱ ወጥቷል፤ ምናልባት ኮለኖቹም ቆመዋል። በየትኛው ፕላን? በጸደቀው ነው ወይስ ለፎርማኑ በስልክ ባሳዩት ፎቶ? ይህን አልነገሩኝም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ወደ ጠበቃም ሆነ ወደ መሐንዲስ ሲሄዱ በቅድሚያ መናገር ያለብዎት ይህን ነው። እስከዚያው የሶሌታው ሙሌት ይቁም።

ሕጉን ባጭሩ ልበል። በሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 እና በማስፈጸሚያ ደንቡ ቁጥር 243/2003 መሠረት ፈቃድ የሚሰጠው ለጸደቀው ፕላን ነው። ለውጥ ካለ የተሻሻለው ፕላን ለሕንፃ ሹሙ፣ ማለትም የግንባታ ፈቃድ ለሚሰጠው የከተማው ኃላፊ፣ ቀርቦ አስቀድሞ መጽደቅ አለበት። ሹሙ ሥራ ማስቆም፣ ከፈቃድ ውጭ የተሠራውንም እንዲፈርስ ማዘዝ ይችላል። ቤትዎ ከሁለት ፎቅ በታች የሆነ የግል መኖሪያ በመሆኑ «ምድብ ሀ» ውስጥ ይገባል፤ ይህ የሚጠየቀውን ሰነድ ያቀልልዎታል እንጂ በጸደቀው ፕላን ላይ እንዳሻዎ ለመለወጥ መብት አይሰጥም። በሥራ ላይ ያለውን ሕግና የከተማዎን መመሪያ ግን ከሹሙ ጽሕፈት ቤት ቀርበው ያረጋግጡ።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚወድቅበት ጉድጓድ ልምጣ። «መልኩን ብቻ ነው የምቀይረው» የሚለው ሐሳብ ነው። የቤት መልክ ከሸክሙ ተነጥሎ አይለወጥም። 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሶሌታ በአንድ ካሬ ሜትር 375 ኪሎ ይመዝናል። የቤትዎ ጣሪያ 90 ካሬ ቢሆን 34 ቶን ገደማ ነው፤ ይህ ልስኑ፣ የውኃ መከላከያውና የጣሪያው ዙሪያ ግንብ ሳይቆጠር ነው። ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ (የውኃ ማጠራቀሚያ) ሞልቶ ሲቀመጥ ሌላ 2 ቶን ይጨምራል። ስታንዳርድ ፕላኑን ያወጣው ባለሙያ ኮለኑን፣ ፌሮውን (በአርማታው ውስጥ የሚገባውን ብረት) እና የመሠረቱን ስፋት የወሰነው ቆርቆሮና ጠርብ እንደሚሸከሙ አስቦ ነው። ኮለኑ ሲወጣ ደግሞ ቢሙ (አግዳሚው የአርማታ ተሸካሚ) ከኮለን እስከ ኮለን የሚዘረጋበት 4 ሜትር የነበረ ርቀት 8 ሜትር ይሆናል እንበል፤ በሜትር ያለው ጭነት ባይጨምር እንኳ ቢሙን የሚያጎብጠው ኃይል አራት እጥፍ ያድጋል። አዳማ ደግሞ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ናት። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ በኩል የተደጋገመው የመሬት መንቀጥቀጥ ከተማዋ ድረስ ተሰምቷል። ከላይ የከበደ ቤት ሲናወጥ ኮለኖቹ ላይ የሚመጣው ግፊትም ያንኑ ያህል ይከብዳል።

ይህ ሁሉ ከሕግ ጋር የሚገናኘው በፊርማ ነው። የፕላኑን ወረቀት ይዘርጉና ታችኛውን ጥግ ይመልከቱ፦ የባለሙያው ስም፣ የፈቃድ ቁጥር፣ ፊርማና ማኅተም አለ። ያ ፊርማ ኃላፊ የሚሆነው ለተሳለው ቤት ብቻ ነው። ፎርማኑ በቃል በለወጠው ቤት ላይ አንድም ባለሙያ አልፈረመም። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 3039 መሠረት ሥራ ተቋራጩ ለሥራው ጥራትና ጽናት ከርክክብ ጀምሮ ለ10 ዓመት ዋስ ነው። ሶሌታው ሲሰነጠቅ ግን «ባለቤቱ ናቸው ያዘዙኝ» ይላል፤ በጽሑፍ የተያዘ ነገር ከሌለ ክርክሩ በምስክር ብቻ ይቀራል። በቁጥር 2077 መሠረት ደግሞ ሕንፃው በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት በቀጥታ የሚጠየቁት ባለቤቱ፣ እርስዎ ነዎት። «ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ» የሚለው የፎርማኑ ቃል ከዚህ አያድንዎትም።

የመጀመሪያውን ባለሙያ ወረቀት በእስክሪብቶ ማረምም መፍትሔ አይደለም። የሥነ ሕንፃ ሥራ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የቅጂ መብት ጥበቃ አለው፤ ለግል ጥቅም መቅዳትን የሚፈቅደው ድንጋጌም ንድፉን ወደ ሕንፃነት ማባዛትን አይጨምርም። ማኅበሩ ከአርክቴክቱ ጋር የተዋዋለበትን ሰነድ ጠይቀው ይዩት፤ አባላት ፕላኑን ማሻሻል ይችሉ እንደሆነ የሚወስነው እሱ ነው። አዲስ ባለሙያ ከያዙ በራሱ ስም አዲስ ሥዕል ያውጣ፣ ስትራክቸሩን (ሸክም ተሸካሚውን የቤቱን አካል) ያስላ፣ ይፈርምበት።

የጎረቤትንም ነገር አይርሱ። የጠፍጣፋ ጣሪያ ውኃ በቱቦ ተሰብስቦ በእርስዎ ግቢ መውረድ አለበት፤ ወደ ጎረቤት ካፈሰሱት በመጀመሪያው ክረምት ክስ ይመጣል። መስታወቱም ወደ ወሰኑ የሚያይ ከሆነ ሊኖረው የሚገባውን ርቀት ባለሙያው በሳይት ፕላኑ፣ ማለትም ቤቱ በግቢው ውስጥ የሚያርፍበትን በሚያሳየው ሥዕል፣ ላይ ያሳይ።

በዚህ ሳምንት የካርታውን ቅጂ፣ የግንባታ ፈቃዱን፣ ማኅተም ያለበትን ሙሉ ፕላን፣ ከፎርማኑ ጋር ያለዎትን ውል፣ የክፍያ ደረሰኞችንና በቴሌግራም የተላላካችሁትን ሁሉ አንድ ላይ ይሰብስቡ። ውል ከሌለ ዛሬውኑ ይጻፍ። ፈቃድ ያለው የስትራክቸር መሐንዲስ ቦታው ድረስ ሄዶ የተቆፈረውን ጥልቀት፣ የኮለኑን መጠንና የፌሮውን ብዛትና ውፍረት ለክቶ በጽሑፍ ይስጥዎት። አሁን ያለው መሠረት ሶሌታውን አይችልም ካለ ምርጫው ሁለት ነው፦ መሠረቱን ማጠናከር ወይም ፊት ለፊቱን በግንብ ከፍ አድርጎ ከኋላው የቆርቆሮ ክዳኑን ማቆየት። ሁለተኛው ከመንገድ ሲታይ ጠፍጣፋ ይመስላል፤ ወጪውም ያነሰ ነው፤ ይህም ቢሆን በተሻሻለ ፕላን መጽደቅ አለበት። ሁለተኛውን ክፍያ የሚከፍሉት የመሐንዲሱ ጽሑፍ እጅዎ ከገባ በኋላ፣ ለተለካው ሥራ ብቻ፣ በደረሰኝ ነው። ፎርማኑ እምቢ ካለ ወይም ሥራ ጥሎ ከወጣ፣ መልስ ከመስጠትዎ በፊት ሰነዶቹን ይዘው በአካባቢዎ ያለ ጠበቃ ያነጋግሩ።