ለትዊንሞሽን ጌሚንግ ካርድ ወይስ ኳድሮ? መጀመሪያ ኬዙን ክፈቺ

ሰላም እህቴ። ሪቪትና አውቶካድ (የሕንፃ ንድፍ ፕሮግራሞች) ላይ ሠርተሽ በትዊንሞሽን ሬንደር (ከንድፉ እውነተኛ የሚመስል ምስል) ለማውጣት፣ ትንሹ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7050 ኮምፒውተርሽ ላይ ኳድሮ ፒ2000 የሚባለውን የዎርክስቴሽን (ለባለሙያ ሥራ የተሠራ) ግራፊክስ ካርድ ላስገባ ወይስ አርቲኤክስ 3060 የሚባለውን ጌሚንግ ካርድ ብለሽ ነው የጠየቅሽው። ለሥራሽ የሚሻለው 3060 ነው። ችግሩ ያንቺ ኬዝ ውስጥ ሁለቱም አይገቡም። ብር ከመክፈልሽ በፊት እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

1. «አርክቴክት ከሆንሽ ኳድሮ ነው» የሚለውን የሻጭ ወሬ እርሺው። እዚህ አዳማ ስንቱ ተማሪ በዚህ ቃል ተሸውዶ የቤተሰብ ብር እንዳፈሰሰ ሳስብ ያናድደኛል። ፒ2000 የ2017 ካርድ ነው፤ ሜሞሪው 5 ጊጋ፣ ኮሩ 1024፣ ለሬይ ትሬሲንግ (የብርሃንን ጉዞ እያሰላ ምስል ለመሥራት) የተሠራ ክፍል የለውም። 3060 ግን 12 ጊጋና 3584 ኮር አለው። ትዊንሞሽን የሚሠራው በአንሪል ኢንጅን፣ ማለትም በጌም ሞተር ስለሆነ ጌሚንግ ካርድ ይስማማዋል። ዛፍና ሣር የበዛበት ግቢ ስትከፍቺ 5 ጊጋው ወዲያው ይሞላል፤ ከዚያ በኋላ መንቀራፈፍ ነው፣ ሲብስም ፕሮግራሙ ራሱ ይዘጋል።

2. ሪቪትና አውቶካድ ካርድ ስለቀየርሽ አይፈጥኑም። አብዛኛው ሥራቸው የፕሮሰሰሩ አንድ ኮር ላይ ነው የሚወድቀው። ለእነሱ 32 ጊጋ ራምና ኤስኤስዲ ይጠቅምሻል።

3. ኳድሮ ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም። ሶሊድወርክስ ለሚሠራ የመካኒካል ሰው ሪልቪው (ንድፉን እውነተኛ የሚያስመስለው ማሳያ) በይፋ የሚደገፈው በዎርክስቴሽን ካርድ ነው፤ እሱ ኳድሮ ይግዛ። አንቺ ጂፎርስ (እንደ 3060 ያለ ጌሚንግ ካርድ) ላይ የስቱዲዮውን ድራይቨር ጫኚ፣ በነፃ ነው።

4. ፓወር ሰፕላይ። ብር የሚበላው ስህተት እዚህ ጋ ስለሆነ ረጋ ብለሽ እዪው። የትንሹ 7050 ፓወር ሰፕላይ 180 ዋት ብቻ ነው፤ ለካርድ የሚሆን 6 ወይም 8 ፒን ገመድም የለውም። ሶኬቱ የዴል የራሱ ስለሆነ ገበያ ላይ ያለውን ተራ ፓወር ሰፕላይ ገዝተሽ ልትተኪው አትችይም። 3060 ደግሞ ብቻውን 170 ዋት ይበላል። ከማዘርቦርዱ ማስገቢያ የሚያገኘው ቢበዛ 75 ዋት ነው፤ ቀሪው ወደ 100 ዋት የሚጠጋው በ8 ፒን ገመድ መምጣት አለበት።

«መቀየሪያ አለ፣ ምንም አይልም» ብለው ከሳታ (ለሃርድ ዲስክ ኃይል ከሚሰጠው መሰኪያ) ወደ 8 ፒን የሚሄደውን ገመድ የሚሸጡልሽ ይሄኔ ነው። በፍጹም እንዳትገዢው! አንድ የሳታ መሰኪያ በ12 ቮልት የሚችለው 54 ዋት ነው። እጥፉ ሲጎተትበት ይግላል፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል፣ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል። የመጀመሪያው ምልክት ሬንደር ስትጀምሪ ኮምፒውተሩ ድንገት ድርግም ማለቱ ነው። ብዙ ሰው መብራት የዋዠቀ ይመስለዋል። መሰኪያውን ነቅለሽ ስታዪው ቢጫው ገመድ በሚገባበት በኩል ፕላስቲኩ ቡናማ ሆኗል፣ ሽታውም የተቃጠለ ነው።

ፒ2000 የራሱ ገመድ አያስፈልገውም፣ 75 ዋት ይበቃዋል፤ ግን ሙሉ ቁመት ያለው ካርድ ነው፣ ያንቺ ኬዝ የሚቀበለው ግማሽ ቁመት ብቻ። ሻጩ ይህን ሳይነግርሽ ብርሽን ይቀበላል፤ ስትመልሺለት ደግሞ «ከፍተሽዋል» ይልሻል።

ስለዚህ ካርዱን ከመግዛት በፊት ማሽኑን ቀይሪ። ያገለገለ ኤችፒ ዜድ440 ካገኘሽ ፓወር ሰፕላዩ 700 ዋት ነው፤ ሁለቱን ባለ 6 ፒን ገመዶች ወደ አንድ 8 ፒን በሚያገናኝ መቀየሪያ 3060ን ያስነሳል። ፕሮሰሰሩ ላይ የኮር ብዛት አያታልልሽ፣ ለሪቪት ጊጋኸርዙን እዪ። ማሽን መቀየር ካልቻልሽ የሚቀርሽ አርቲኤክስ ኤ2000 ነው፦ 70 ዋት፣ ግማሽ ቁመት፣ ገመድ የማይፈልግ፣ ሬይ ትሬሲንግም ያለው። ዎርክስቴሽን ካርድ ነው፤ እዚህ ግን የሚያስመርጠው ዋቱና ቁመቱ እንጂ ስሙ አይደለም። የሁለት ማስገቢያ ውፍረት ስላለው ቦታውን በማስመሪያ ለኪ፤ 180 ዋቱም ብዙ ትርፍ አይኖረውም።

ያገለገለ ካርድ ስትገዢ ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን የካርዱን ማንነት የሚያሳይ ትንሽ ፕሮግራም በፍላሽ ይዘሽ ሂጂ። ባዮሱ (ካርዱ ውስጥ ያለው ማንነቱን የሚናገር ሶፍትዌር) የተቀየረ የድሮ ካርድ ከሆነ ስሙ ፊት «ፌክ» ብሎ በእንግሊዝኛ ይጽፍልሻል። 3060 ከሆነ 12 ጊጋና 192 ቢት ማለቱን እዪ፤ 128 ቢት ካለ የ8 ጊጋው ነው፣ በ12 ጊጋው ዋጋ አትውሰጂው። ከዚያ ፈርማርክ የሚባለውን፣ ካርዱን በሙሉ አቅሙ የሚያሠራ መፈተኛ ፕሮግራም 20 ደቂቃ አስሮጪበት። በዋናው ሙቀትና «ሆትስፖት» (በጣም የጋለው ነጥብ) በሚለው መካከል ከ25 ዲግሪ በላይ ልዩነት ካለ ሙቀት የሚያስተላልፈው ፔስት ሳይደርቅ አይቀርም፣ ዋጋ አስቀንሺበት። የአዳማ ንፋስ የሚያመጣው አቧራም ፋኑን ቶሎ ይደፍነዋል፤ በየሁለት ወሩ ክንፎቹን በጣትሽ ይዘሽ በንፋስ አጽጂው።

ለማንኛውም የኬዙን ጎን ክፈቺና የፓወር ሰፕላዩ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። ዋቱን አይቼ የሚሆንሽን እነግርሻለሁ።